የጋሞው መነኵሴ ትካዜ

በአርባ ምንጭ የሚማር ሰው የጥንት ደራሲ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻውም። በጋሞ ደጋ ካለችው ከብርብር ማርያም ጋር ስማቸው የሚነሣው አባ ባሕርይ የ16ኛው መቶ ዓመት ሰው ናቸው። በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን (ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ.) የኦሮሞ ሠራዊት ጋሞን ወጋ፤ የመነኵሴውም ንብረት ተዘረፈ። እርሳቸውም በ1593 ገደማ የወጓቸውን ሰዎች ታሪክ በግዕዝ ጻፉ።

መጽሐፉ የተቀየመ ሰው መጽሐፍ ነው። በርእሱ ላይ ያለውን፣ ዛሬ ስድብ የሆነውን ስም እኛ አንደግመውም። ሆኖም ያው የተቀየመ እጅ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ እንዴት እንደሚተላለፍና የሉባዎቹን ስም በተራ መዝግቧል፤ ስለ ገዳ የሚያጠና ሁሉ እስከ ዛሬ ይህን መጽሐፍ ይመለከታል።

እኛን ይበልጥ የያዘን ግን ወደ መጨረሻው ያለው ክፍል ነው። ብዙዎች ሳለን፣ መሣሪያም ሳያንሰን ስለ ምን ተሸነፍን? ሊቃውንቱ በዚህ ይከራከሩ ነበር። አንዳንዶቹ ስለ ኃጢአታችን ነው አሉ። ሌሎቹ ግን ሕዝቡ በ10 ክፍል ስለ ተከፈለ ነው፤ 9ኙ አይዘምቱም፣ ባለመዝመታቸውም አያፍሩም አሉ። አባ ባሕርይ ይህን ሁለተኛውን ይዘው ክፍሎቹን አንድ በአንድ ይቈጥራሉ፦ ደብተራው፣ ሽማግሌው፣ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ የእጅ ሠራተኛው፣ አዝማሪው። በኦሮሞ ዘንድ ግን ትንሹም ትልቁም ውጊያ ይማራል ይላሉ።

ከሁሉ አስቀድመው የቈጠሩት መነኰሳትን ነው። በልጅነታቸው፣ በትምህርት ላይ ሳሉ፣ መነኰሳት ስበዋቸው የመነኰሱ አሉ ብለው የዚህ ታሪክ ጸሓፊ ከነዚያ አንዱ መሆኑን ይናገራሉ። ወዲያው ቀጥለው ጦርነት ፈርተው የመነኰሱም እንዳሉ ይጨምራሉ። ሁለቱን እንዴት አቀራርበው እንዳስቀመጧቸው አንባቢ ይመልከት!

በዚያው ዘመን በፈረንሳይ አገር ሚሼል ደ ሞንቴኝ (ከ1533 እስከ 1592) የሚባል ደራሲ ነበር። የሚወደው ጓደኛው በ1563 ሞተበት። በ1571 ከሹመቱ ወጥቶ በግንብ ውስጥ ከመጻሕፍቱ ጋር ተቀመጠ፤ ወደ መጻፍ የመራውም ብቸኝነት ያመጣበት ትካዜ እንደ ሆነ ራሱ ጽፏል። እርሱ ራሱን ሲመረምር 3 መጻሕፍት ሞላ። አባ ባሕርይ ንብረታቸውን ያጡ ሰው ነበሩና ለዚህ የሚሆን ግንብም ፋታም አልነበራቸውም፤ ስለ ራሳቸው የተናገሩት እጅግ ጥቂት ነው። ያችን ጥቂት ቃል ግን የአገራቸው ነቀፋ በሚጀምርበት ቦታ አኖሯት።

ከመካከላችን ይህን ኑዛዜ ነው ያለ አለ፤ «በልጅነቴ ወሰዱኝ» ማለት ሰበብ ነው ያለም አለ። ሰበብ ፈልገው ቢሆን ኖሮ ግን ራሳቸውን ከቈጠራው መተው ይቀላቸው ነበር፤ የሚጠይቃቸውም አልነበረም።