ጥርስ ባዳ ነው

ሰው አዳልጦት ሲወድቅ አይታችሁ ሳታስቡት ስቃችሁ ታውቃላችሁ? መቼም «በፍጹም!» የሚል ካለ ወይ መልአክ ነው፣ ወይ ውሸታም። ወዲያው ሮጠን እናነሳዋለን፤ «እኔን!» እንላለን፤ አቧራውን እናራግፍለታለን። ግን አስቀድመን ስቀናል። የአገሬ ሰው «ጥርስ ባዳ ነው» የሚለው ለዚህ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ከአራት መቶ ዓመት በላይ አንባቢን በዚህ ጉዳይ ሲያጣላ ስለኖረ መጽሐፍ ነው። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

መጽሐፉ «ዶን ኪኾቴ» ይባላል፤ ስፔናዊው ሚጌል ደ ሰርቫንቴስ የመጀመሪያውን ክፍል ያሳተመው በ1605 ነው። ላልሰማችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ላ ማንቻ በሚባል አገር የሚኖር፣ ዕድሜው ሃምሳ ገደማ የሆነ ድሀ ባላባት አለ። ይህ ሰው የፈረሰኛ ጀግኖችን ገድል ይወዳል፤ ለመጽሐፍ መግዣ መሬቱን እስከ መሸጥ ይደርሳል። ቀን ከሌት ሲያነብ አእምሮው ይናወጣል። ከዚያ የቅድመ አያቶቹን የዛገ ጥሩር ለብሶ፣ አጥንቱ በገጠጠ ፈረስ ላይ ወጥቶ፣ ግፍን ከዓለም ሊያጠፋ ይነሳል። ሳንቾ የሚባል ገበሬ ጎረቤቱንም «የደሴት ገዥ አደርግሃለሁ» ብሎ አሽከር አድርጎ ያስከትለዋል። የነፋስ ወፍጮን ግዙፍ ጭራቅ ነው ብሎ ይገጥማል፤ የበግ መንጋን ሠራዊት ነው ብሎ ይወጋል። በየሄደበት ይደበደባል፤ ጥርሱ ይረግፋል።

ከሃያ ዓመት በፊት ይህንን መጽሐፍ አስተምር ነበር። ከእንግሊዝኛው እያነበብኩ በአማርኛ እተርክላቸዋለሁ፤ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። እኔም ደስ ይለኛል። መምህር ሲሳቅለት እንዴት እንደሚሆን ያስተማረ ያውቀዋል!

አንድ ቀን ምዕራፍ 29 ላይ ደረስን። እዚያ ላይ አንዲት ብልህ ወጣት፣ ዕብዱን ሰውዬ ወደ ቤቱ ለመመለስ ሲባል፣ «የሚኮሚኮን ንግሥት ነኝ» ብላ ታታልለዋለች። ሚኮሚኮን የተባለው የፈጠራ መንግሥት የት ነው ቢሉ፣ ኢትዮጵያ! ሳንቾም ጌታው ንግሥቲቱን ሊያገባለት ነውና «አሁን ተገኘ!» ይላል። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነዋል፤ የሚሰጡት ዜጎች ጥቁሮች ሊሆኑ ነው። ጥቂት አሰብ አድርጎ መላ ያገኛል፤ ወደ ስፔን አግዞ ይሸጣቸውና በገንዘቡ ማዕረግ ገዝቶ ዕድሜ ልኩን ተንደላቆ ይኖራል።

ክፍሉ ሳቀ። አንዲት ልጅ ግን እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ይቅርታ፤ ሰውዬው ሊሸጥ ያሰበው እኮ እኛን ነው። ምኑ ላይ ነው የምስቀው?»

«ቀልድ እኮ ነው፤ ምነው ከበደሽ?» አልኳት። ክፍሉ አሁን የሳቀው በእሷ ነው። ከኋላ አንድ ልጅ ደግሞ «የእኛስ ሰው አልሸጠም እንዴ?» አለ። ይሄኔ ሳቁ ቀጥ አለ። እኔ ሰዓቴን አየሁና «ሳምንት እንገናኝ» ብዬ ወጣሁ። ልጅቷ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ድረስ እጇን አላወጣችም።

እውነቱን ለመናገር ያኔ «አልገባትም» ብዬ ነበር። ኋላ የመጽሐፉን ታሪክ ስከታተል ነው ጠቡ የቆየ መሆኑን ያወቅሁት። የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ይስቁ ነበር። መጽሐፉ በወጣበት ዓመት በቫያዶሊድ ከተማ በተደረገ በዓል ላይ ሰዎች ዶን ኪኾቴንና ሳንቾን መስለው ወጥተው ሕዝቡን አስቀውታል። ነገር ግን ያን ጊዜም ፊቱን ያዞረ እንደነበረ የሚጠቁመን ራሱ ሰርቫንቴስ ነው። በ1615 ባሳተመው ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ባለታሪኮቹ ስለ መጀመሪያው ክፍል ሲያወሩ እናገኛቸዋለን። አንዱ ተማሪ ከአንባቢ የሰማውን ያመጣል፤ ለአንዱ የወፍጮው ጠብ ጥሩ ነው፤ ለሌላው ሌላው፤ አንዳንዱ ደግሞ «ምነው ዱላው ቀነስ ቢል ኖሮ» ይላል። አያችሁ? አንባቢው መከፋፈሉን ደራሲው ከሁሉ ቀድሞ ጽፎታል።

ይባስ ብሎ በዚያው ክፍል አንድ መስፍንና ሚስቱ ይመጣሉ። እነዚህ የመጀመሪያውን ክፍል አንብበው በሳቅ የሞቱ ናቸው። ታዲያ ዶን ኪኾቴን ሲያገኙት በክብር ተቀብለው መጫወቻ ያደርጉታል፤ ለመዝናናት ሲሉ ያታልሉታል፣ ያዋርዱታል። በመጨረሻም ተራኪው ከአላጋጭና ከተላገጠበት ማንኛው ይበልጥ ዕብድ እንደሆነ ያጠራጥራል ወደሚል ነገር ይደርሳል። እኔ ይህን ሳነብ ያ ክፍል፣ በተለይም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይተርክ የነበረው ሰውዬ፣ ትዝ ይለኛል።

በ1800 አካባቢ የጀርመን ሮማንቲኮች ነገሩን ገለበጡት። የሚስቅበት ሰው ዓለምን አልተረዳም፤ ዶን ኪኾቴ ለሐሳብ የቆመ ጀግና ነው አሉ። ሩሲያዊው ቱርጌኔቭ በ1860 ባደረገው ንግግር ይህን ሰውዬ ከሐምሌት ጋር አነጻጽሮ፣ አንዱ በራሱ ጥርጣሬ የታሰረ፣ ሌላው ለእምነቱ ራሱን የሚሰጥ ነው ብሎ ለኪኾቴ አደላ። ሌላው የሩሲያ ልጅ ናቦኮቭ ደግሞ በ1952 ሃርቫርድ ላይ ሲያስተምር መጽሐፉ ጨካኝ ነው ብሎ ተቆጣ። የሰውዬውን ድልና ሽንፈት እንደ ቴኒስ ጨዋታ ነጥብ እየያዘ ቢቆጥር ግን እኩል ለእኩል ሆኖ አገኘው። በ1969 እንግሊዛዊው ምሁር ፒተር ራስል ተነሥቶ «ኧረ እባካችሁ፣ መጽሐፉ የተጻፈው ለማሳቅ ነው» የሚል ጽሑፍ አሳተመ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። በ2002 ከ54 አገሮች የተውጣጡ መቶ ያህል ደራስያን ድምፅ ሲሰጡ ግን ከሁሉ በላይ ያደረጉት ይህንኑ መጽሐፍ ነው።

እነዚህ ሁሉ ታላላቅ አንባቢዎች የተጣሉት በዶን ኪኾቴ መደብደብ ነው። የተማሪዬ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ስለሚሸጡት ነው።

አሁን ብትጠይቀኝ ምን እላት ነበር? አንደኛ፣ «ኢትዮጵያ» ለዚያ ዘመን ስፔናዊ ጥርት ያለ አገር አልነበረም፤ መጽሐፉም እዚያው ምዕራፍ ላይ ንግሥቲቱን ከጊኒ የመጣች ይላታል። የሚገርመው ግን መጽሐፉ ሲታተም ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ኢትዮጵያ ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በኋላም በ1618 የዓባይን ምንጭ አይቷል። የማድሪድ አንባቢ በፈጠራው ንግሥት ሲስቅ፣ የአገሩ ልጅ ከእውነተኞቹ ነገሥታት ፊት ይቆም ነበር። ይህ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ ተማርኮ በየመን ሰባት ዓመት ያህል ታስሯል።

ሁለተኛ፣ ሰርቫንቴስም ምርኮኛ ነበር። በ1575 የባሕር ወንበዴዎች ይዘውት አልጀርስ ውስጥ አምስት ዓመት ዋጋ ተቆርጦለት ኖሯል፤ አራት ጊዜ ሊያመልጥ ሞክሯል፤ በ1580 በገንዘብ ተዋጅቶ ወጣ። ሰው በገንዘብ ሲተመን ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ ቀልዱ በሳንቾ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ራሱ በየመንገዱ የሚቀጠቀጥ ድሀ፣ ሥልጣን ያገኘ ሲመስለው መጀመሪያ የሚያልመው ሰው መሸጥ ነው! ደግሞም በሁለተኛው ክፍል መስፍኑ ለቀልድ «ደሴት» ሲሰጠው፣ ሁሉ ሊስቅበት ሲጠብቅ በፍርዱ ሁሉንም ያስደንቃል፤ ጥቂት ቀን ገዝቶ ሲለቅም እንደገባ ባዶ እጁን ይወጣል።

ይህ ሁሉ ተማሪዬን አይረታትም፤ እኔም ልረታት አልፈልግም። በዚያ ምዕራፍ ሳንቾ ያወራል፣ ጌታው ያወራል፣ የውሸቷ ንግሥት ታወራለች። የሚሸጠው ኢትዮጵያዊ አንድ ቃል አይናገርም። እሷ የተናገረችው በእሱ ቦታ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰዓቴን አየሁ።

የኋላው ልጅ ጥያቄም አለ። አዎን፣ የእኛም ሰው ሽጧል። በ1942 በአዋጅ እስኪከለከል ድረስ ባርነት በአገራችን ሕጋዊ ኑሮ ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንስቅባቸው ያደግናቸውን ቀልዶች እስቲ መለስ ብላችሁ አስቧቸው፤ ስንቶቹ በባሪያው፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በቆዳ ፋቂው ላይ የተሳቁ ናቸው? እነሱስ በዚያ ጨዋታ ላይ እጃቸውን አውጥተው ነበር? ማንስ ዕድል ሰጣቸው?

ዛሬ በዶን ኪኾቴ ዕድሜ ላይ ነኝ። ያንን የማስተማሪያ መጽሐፌን ሰሞኑን አውጥቼ ምዕራፍ 29ን ገለጥኩት። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ «እዚህ ጋ ይስቃሉ» ብዬ ጽፌ ኖሯል። አልሰረዝኩትም፤ ልክ ነው፣ ስቀዋል። ከሥሩ ግን የልጅቷን ጥያቄ እንዳለ ጻፍኩበት።