ስፒል የዋጠው የሎንዶን ልጅ

በልጅነቱ ዘይቱና ከነፍሬው ሲበላ ተገኝቶ «ትርፍ አንጀትህ ውስጥ ይገባብሃል» ተብሎ ያልተቈጣ ከመካከላችን የሚገኝ አይመስለኝም። ማስፈራሪያው ከሞላ ጐደል ከንቱ ነው፤ ነገር ግን ፈጽሞ ሐሰት እንዳይባል የሚከለክል አንድ የታሪክ ምስክር አለ።

እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1735 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ፥ ከሁለት ዓመት በፊት በተቋቋመው በቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል አንድ የ11 ዓመት ልጅ ተኝቶ ነበር። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቡአ ነበረበት፤ ከጭኑም ላይ በተከፈተ ቍስል ዓይነ ምድር ይወጣ ነበር። ክሎዲየስ አምያንድ የተባሉት የንጉሡ የዳግማዊ ጊዮርጊስ ሐኪም፥ ዲሴምበር 6 ቀን ቡአውን ከፍተው ቢመለከቱ ያላሰቡትን አገኙ። ትርፍ አንጀቱ ወደ ቡአው ወርዷል፤ ልጁ የዋጠው ስፒል በስቶታል፤ በስፒሉም ዙሪያ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ቅርፊት ተጋግሮበታል። ሐኪሙም ትርፍ አንጀቱን አስረው ቈረጡት።

ማደንዘዣ ኤተር በቦስተን ሆስፒታል በሕዝብ ፊት የተሞከረው በ1846 ስለ ሆነ፥ ይህ ሁሉ የተደረገው ልጁ ነፍሱን እያወቀ፥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ነው። አምያንድ በጽሑፋቸው፥ ሥራው ለሕመምተኛው የሚያሠቃይ የመሆኑን ያህል ለእርሳቸውም አድካሚ እንደ ነበረ ገልጸዋል። ልጁ ዳነ። በተሳካ ሁኔታ የተፈጸመው የመጀመሪያው የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ተብሎ የሚጠቀሰውም ይኸው ነው።

በ1759 መስቲቪዬ የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም በቦርዶ የገለጹት የ45 ዓመት ሰው ግን እንዲህ አልታደለም። ከሞተ በኋላ ሬሳው ሲመረመር በትርፍ አንጀቱ ውስጥ ስፒል ተገኘ።

እንዲህ ያሉት ወሬዎች በመጻሕፍት ስለ ተጻፉ፥ ብዙ ሰው የበሽታው ምክንያት ሁልጊዜ የተዋጠ ነገር ይመስለው ነበር። በ1886 ሬጂናልድ ፊትዝ የተባሉት የቦስተን ሐኪም ብዙ ሕመምተኞችን መርምረው፥ ሕመሙ ከራሱ ከትርፍ አንጀት የሚነሣ መሆኑንና ፈጥኖ መቅደድ እንደሚያሻ አስረዱ። ትርፍ አንጀት እንደ ጣት የቀጠነ፥ መጨረሻው የተዘጋ ቧንቧ ነው፤ አፉን አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው የደረቀ ዓይነ ምድር ወይም የሥጋው እብጠት እንጂ የዘይቱና ፍሬ አይደለም።

የሚያሳዝነው፥ ቀኝ ጐኑን የታመመ ሰው «ምን ውጬ ይሆን?» እያለ ሲያስታውስና ሆዱን ለማጽዳት የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሲጠጣ ሰዓቱ ማለፉ ነው፤ መድኃኒቱም የቈሰለውን አንጀት ሊያፈነዳው ይችላል።

የተዋጠ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ዛሬም አልፎ አልፎ በትርፍ አንጀት ውስጥ ከሚገኙት መካከል ስፒልና መርፌ፥ ደግሞም በጥይት ከተገደለ የዱር ወፍ ሥጋ ጋር የተበላ የእርሳስ ፍንጣሪ ይገኙበታል። እነዚህ ብረት ስለ ሆኑ በራጅ ይታያሉ።