ከቀዳማይ ወያነ ገበያ እስከ አምባ አላጌ፤ ስለ ማርሽ ታሪክ

በቀዳማይ ወያነ ገበያ ጥግ ከሚሠሩት የብስክሌት ጠጋኞች በአንዱ ሱቅ ግድግዳ ላይ የአንዲት ቀይ የእሽቅድምድም መኪና ሥዕል ተለጥፎ ይታያል። ሥዕሉን ፀሐይ ስለ በላው ቀይነቱ ወደ ብርቱካን መልክ ተለውጧል። እኛም ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጎማ ልናስነፋ በገባን ቍጥር ከፊቱ ቆመን እንከራከር ነበር። ክርክሩን ያስነሣው ከመካከላችን አንዱ ነው፤ «መኪናዋ አምስት ማርሽ ካላት፥ አምስተኛውም ከሁሉ የፈጠነ ከሆነ፥ ስለ ምን ገና ከመነሻዋ በአምስተኛ አትሄድም?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ መስሎን ሣቅንበት፤ ነገር ግን መልስ ስጡ በተባልን ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን።

ጠጋኙ በአፉ አልመለሰልንም። አንድ አሮጌ ብስክሌት ገልብጦ በኮርቻው አቆመና «ጥርሱን ቍጠሩ» አለን። ቈጠርን፤ የፊተኛው 44፥ የኋለኛው 22 ሆነ። ፔዳሉን አንድ ጊዜ ብናዞረው የኋላው ጎማ ሁለት ጊዜ ዞረ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ቀን የመጣ ነው። ስንጀምረው የፊዚክስ ጽሑፍ መስሎን ነበር፤ እየቈየ ግን የከተማችንና የመንገዷ ታሪክ ሆኖ አገኘነው፤ የፊዚክስ መምህራችንም ይቅር ይበሉን።

የሰፈራችን ስም ራሱ ከመንገድ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1935 እና በ1936 ዓ.ም. በትግራይ የተነሣው ዐመፅ ወያነ ተባለ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ሌላ ወያነ ስለ ተነሣ የፊተኛው «ቀዳማይ» የሚል ቅጽል ተጨመረለት። በዚያን ጊዜ ከደቡብ የመጣው የመንግሥት ጦር በአምባ አላጌ አካባቢ ጽኑ ውጊያ ገጠመው፤ መቀሌንም ከዔደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደበደቧት። አምባ አላጌ ከዚያ አስቀድሞ ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. ማጆር ቶዜሊ የተሸነፈበት፥ በግንቦት 1933 ዓ.ም. ደግሞ የአኦስታው መስፍን እጁን የሰጠበት ተራራ ነው። ስለ ምን ሁልጊዜ እዚያ ይዋጋሉ ቢባል፥ መንገዱ በዚያ ስለሚያልፍ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን ያን ተራራ የያዘ ሰው የሰሜኑን መንገድ ይዟል።

መኪና ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባለውን አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ድረስ አምጥቶላቸዋል። ለትግራይ ግን መኪና በብዛት የመጣው ከጠላት ጋር ነው። ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ከአስመራ ተነሥታ ስትወርረን መንገዱን እየሠራች፥ ካሚዮኖቿንም እየነዳች ነበር። ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው አውራ ጎዳና ኲሓን አልፎ ወደ ማይጨው ይወርዳል፤ መቀሌ ከጎዳናው ወደ ምዕራብ ዝቅ ብላ በሜዳው ላይ ተቀምጣለች። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ከከተማችን ወደ ጎዳናው የሚወጣ ሁሉ አስቀድሞ የኲሓን ዳገት መውጣት አለበት። ይህን ዳገት አንባቢ እንዳይረሳብን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ጠላት ከወጣ በኋላ መንገዱም ቀረ፥ ከባድ መኪናውም ቀረ። ከጊዜ በኋላ ደግሞ «ኤንትሬ» በሚል ስም የታወቀው የፊያት ካሚዮን መጣ። ከአባቶቻችን መካከል የኤንትሬን ድምፅ ከሩቅ የማይለይ የለም። ከኋላው ረዳቱ ታኮውን ይዞ በእግሩ ይከተላል፤ መኪናው በዳገቱ መካከል ትንፋሽ ባጠረው ጊዜ ታኮውን ከጎማው ሥር ይወሽቃል። ረዳቱ በእግሩ ሊከተለው መቻሉ ራሱ ስለ ማርሽ ብዙ የሚያስተምር ነው። ሞተሩ እየጮኸ፥ ሙሉ ኃይሉን እየሰጠ፥ መኪናው ግን የሰው እርምጃ ያህል ብቻ ይሄዳል። ፍጥነቱ ወዴት ሄደ? ወደ ጉልበት ተለወጠ።

ይህን በቍጥር እንየው። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ የሚዞር፥ የጎማዋም ዙሪያ 2 ሜትር የሆነ አንዲት መኪና በሐሳባችን እንያዝ። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ 14 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል እንበል፤ በአራተኛ ማርሽ ደግሞ ሞተሩ 4 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞር። 6,000ን ለ14 ብናካፍል ጎማው በደቂቃ 428 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ይህም በሰዓት 51 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአራተኛው ግን ጎማው 1,500 ጊዜ ይዞራል፤ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እስከዚህ ድረስ የጓደኛችን ጥያቄ ትክክል ይመስላል። አሁን ግን የመጠምዘዙን ኃይል እንመልከት። ሞተሩ 150 ኒውተን ሜትር ቢሰጥ፥ በጥርሶቹ ፍትጊያ የሚባክነውን ካልቈጠርን፥ በአንደኛ ማርሽ ጎማው ዘንድ 2,100 ሆኖ ይደርሳል፤ በአራተኛ ግን 600 ብቻ ነው። የቆመችን መኪና ከቦታዋ አንሥቶ በፍጥነት የሚገፋት ይህ ኃይል ስለ ሆነ፥ አንደኛው ማርሽ ከአራተኛው ሦስት እጥፍ ተኩል አስበልጦ ይገፋል። እንግዲህ በአንደኛ የሚነሣው ሰው ፍጥነቱን ቶሎ ቶሎ ይጨምራል፥ ነገር ግን ጣራው ቅርብ ነው፤ በአራተኛ የሚሄደው ጣራው ሩቅ ነው፥ ግን አጨማመሩ ዝግ ያለ ነው። ገና ከመነሻው በአምስተኛ ልሂድ ያለ ሰው ሞተሩን ያጠፋል፤ ሾፌር የሆነ አባት ያለው ልጅ ሁሉ ይህን በጓሮ ሞክሮ ተቈጥቶበታል።

ለዚህ ነገር ጥሩ ምስክር የምትሆነን በ1954 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣችው መርሰዲስ 300 ኤስ ኤል ነች፤ በሮቿ እንደ ክንፍ ወደ ላይ የሚከፈቱት ማለታችን ነው። ገዢው የኋላውን ዲፈረንሲያል ጥርስ መምረጥ ይችል ነበር። 3.64 የሆነውን ጥርስ የመረጠ በሰዓት እስከ 235 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄድ ነበር፤ 3.25 የሆነውን የመረጠ ደግሞ እስከ 260 ገደማ። ሞተሩ ያው፥ አካሉም ያው ነው። በተራራ ላይ ለሚሽቀዳደም ሰው ደግሞ 4.11 የሆነ ጥርስ ነበረ፤ ይኸኛው ጣራውን ዝቅ አድርጎ አነሣሡን ያፈጥናል። አንባቢ 3.64ን ለ3.25 አካፍሎ፥ 260ንም ለ235 አካፍሎ ሁለቱ መልሶች እንዴት እንደሚቀራረቡ ራሱ ይይ።

ይሁን እንጂ ጥርሱን እያሳነሱ መሄድ ፍጥነትን ያለ ወሰን አይጨምርም። ነፋስ አለና። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል፥ እርሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው የሞተር ጉልበትም ስምንት እጥፍ። ስለዚህ ማርሹ ከሞተሩ አቅም በላይ የረዘመ እንደ ሆነ መኪናዋ በአምስተኛ ከመፍጠን ይልቅ ትዘገያለች፤ ሾፌሩም ወደ አራተኛ ሲመልሳት ትፈጥናለች። የእሽቅድምድም መኪና ማርሾች እርስ በርሳቸው የተቀራረቡበትም ምክንያት አለ። ሞተሩ ብርቱ የሚሆነው በደቂቃ ከ4,000 እስከ 6,000 ዙር ባለው መካከል ነው ብንል፥ ቀጣዩ ማርሽ በእጥፍ የራቀ እንደ ሆነ ዙሩ ከ6,000 ወደ 3,000 ወርዶ ሞተሩ ይደክማል፤ በ1.4 ብቻ የራቀ እንደ ሆነ ግን ወደ 4,300 ገደማ ይወርዳልና ጉልበቱ አይለየውም።

በእኛ ከተማ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። መቀሌ ከባሕር በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር ባነሰው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል። በምፅዋ በሦስተኛ ማርሽ የምትወጣ መኪና እዚህ ያንኑ ዓይነት ዳገት በሁለተኛ ብትለምን አያስገርምም። የውጭ አገር ፋብሪካ ማርሹን ሲቀርጽ ኲሓን አላሰበም።

ከዳገቱ ይልቅ ግን ብዙ ነፍስ የሚያስከፍለው ቍልቍለቱ ነው። የድሮ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ። ጭነት የያዘ ካሚዮን ከአምባ አላጌ ሲወርድ በከፍተኛ ማርሽ ከተለቀቀ ክብደቱን ሁሉ የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ይሆናል፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል መያዝ ይተዋል። በዝቅተኛ ማርሽ ከወረደ ጎማው ሞተሩን በግድ ማዞር አለበትና ሞተሩ ራሱ ልጓም ይሆናል። ክፋቱ፥ በቍልቍለቱ መካከል ማርሽ ልቀይር ማለት አይቻልም። ጥርሶቹን የሚያስማማው መሣሪያ በካዲላክ መኪና ላይ የታየው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1928 ነው፤ እርሱ በሌላቸው የድሮ ካሚዮኖች ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ መርገጥና ዙሩን በጆሮ ማስማማት ያስፈልግ ነበር። ማርሹን አውጥቶ መልሶ ማስገባት ያቃተው ሾፌር ያለ ልጓም ይቀራል። በየኩርባው ሥር ወድቀው የሚታዩት የዛጉ ብረቶች የዚህ ምስክሮች ናቸው።

አሁን ወደ ብስክሌት እንመለስ። በብስክሌት ሞተሩ ሰው ነው፥ የሰውም እግር እንደ ሞተር ሁሉ የሚመቸው ዙር አለው፤ ለጥሩ ጋላቢ በደቂቃ 90 ገደማ ነው። በፊት 52፥ በኋላ 13 ጥርስ ያለው በአንድ ዙር 8.4 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ90 ዙር በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የፈረንሳይ ታላቅ ውድድር አዘጋጆች ማርሽ መቀየሪያን የፈቀዱት በ1937 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሲሆን፥ ከዚያ በፊት ተወዳዳሪው ከዳገቱ ሥር ወርዶ የኋላ ጎማውን ገልብጦ ይገጥም ነበር። መቀየሪያ የደካማ ሰው መሣሪያ ነው የሚል ሐሳብ ስለ ነበረ ነው። እኛ ይህን ሐሳብ የኲሓን ዳገት ያላየ ሰው ሐሳብ ነው እንላለን።

ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ መጀመሪያ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፥ ሰው ሁሉ ሯጮችን ያስታውሳል እንጂ ብስክሌተኞቻችንም ነበሩ። 187 ኪሎ ሜትር በሆነው የጎዳና ውድድር ገረመው ደንቦባ 24ኛ ወጣ፤ ቡድኑም 9ኛ ሆነ። ከዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በፈረንሳዩ ታላቅ ውድድር ለመሰለፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሎምፒክ ደግሞ የትግራይ ልጅ እየሩ ገብሩ በስደተኞች ቡድን ስም ጋለበች። የዚህን የኋለኛውን ምክንያት መቀሌ ላለ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

በ2013 ዓ.ም. በጀመረው ጦርነት፥ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ፥ ከተማችን ነዳጅ አጥታ ነበር። መኪናዎች በየግቢው ቆሙ፤ መንገዱን እግረኛ፥ ጋሪና ብስክሌት ያዘው። ከእኛ የአንዱ አባት ሾፌር ነበሩ። መኪናቸውን አቁመው በቤት የነበረችውን አንድ ማርሽ ብቻ ያላትን ብስክሌት አነሡ፤ በእርሷም ከኲሓ ወዲያ እህል እየጫኑ ያመጡ ነበር። ጥርሷ በፊት 48፥ በኋላ 16 ነበረ፤ ማለት በአንድ ዙር ሦስት። ባዶዋን በሜዳ ላይ ትበርር ነበር፤ ዳገት ላይ ግን ወርደው ይገፏት ነበር፥ ምግብም ባልጠገበ ሰውነት። አዲስ ዕቃ በከተማው አይገኝም። ያ ሥዕል ያለበት ጠጋኝ ከወዳደቀ ብስክሌት 24 ጥርስ ያለው አገኘላቸው፤ ሰንሰለቱ ስላልደረሰ ከሌላ አሮጌ ሰንሰለት ቀጥሎ አስረዘመው። ከሦስት ወደ ሁለት ወረደች። አባትየው ከዚያ ወዲያ 50 ኪሎ ጭነው ሳይወርዱ ዳገት ይወጡ ጀመር፤ ሜዳው ላይ ግን እግራቸው እንደ መፍተያ እየዞረ ጎረቤት ሁሉ ይሥቅባቸው ነበር። ልጃቸው «አባቴ፥ ሰው ይሥቃል» ቢላቸው «እህሉ ሲደርስ ማን ሣቀ?» አሉት።

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ከገበያው እስከ ኲሓ ደርሶ መልስ ውድድር በተደረገ ጊዜ ልጁ ያችኑ ብስክሌት ይዞ ተሰለፈ። 16ቱን ጥርስ መልሼ ላስገጥም ብሎ አባቱን ለምኖ ነበር፤ አልፈቀዱለትም። እስከ ኲሓ ድረስ ባለው ዳገት ሁሉን ጥሎ አንደኛ ደረሰ። በመልሱ ቍልቍለት ግን ፔዳሉ በእግሩ ሥር በከንቱ እየተሽከረከረ ሦስት ልጆች አለፉት፤ አራተኛ ሆኖ ገባ። ብስክሌቷን ወደ ጠጋኙ ሱቅ ወስዶ ከቀይዋ መኪና ሥዕል ሥር አስደገፋትና የኋላ ጥርሷን እንደ ገና ቈጠረ።