የተማሪዎች መለከትና የፕራግ ደወል

የትንፋሽ መሣሪያዎች የሙዚቃ ጓድ በአውሮፓ ያደገው በጦር ሠፈር ነው። መለከቱና ከበሮው ሠራዊት ሲያሰልፉ፣ አዋጅ ሲያሰሙና በዓል ሲያደምቁ ኖረው ኋላ ወደ ትምህርት ቤት ግቢ ቢገቡም የሰልፍ ጠባያቸው ሳይለቃቸው ቆይቷል። ከዚህም የተነሣ እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ታላላቅ የሙዚቃ ደራስያን ለዚህ ጓድ የሚጽፉት አልፎ አልፎ ብቻ ነበር። ታንክ የገባባት ከተማ እሮሮ ለተማሪዎች የትንፋሽ ጓድ ሲሰጥ ግን፣ የወታደሩ መለከት ወታደሩን መልሶ የሚከስ ምስክር ሆነ። ይህን ያደረገው ካሬል ሁሳ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁሳ በ1921 በፕራግ ተወለደ። ወላጆቹ መሐንዲስ እንዲሆንላቸው ይመኙ ነበር። ነገር ግን በኖቬምበር 1939 የናዚ ወራሪዎች የቼክ ዩኒቨርሲቲዎችን ዘጉ፤ ዘጠኝ የተማሪዎች እንቅስቃሴ መሪዎችን ያለ ፍርድ ገደሉ፤ ከ1,000 የሚበልጡ ተማሪዎችንም ወደ ማጎሪያ ሠፈር አጋዙ። የምህንድስናው በር የተዘጋበት ወጣት በ1941 ወደ ፕራግ ኮንሰርቫቶሪ ገባ። እንግዲህ ሙዚቀኛ ያደረገው በከፊል ወረራው ራሱ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ከጦርነቱ በኋላ በፓሪስ ከአርተር ሆኔገርና ከናድያ ቡላንዤ ዘንድ ተምሮ፣ ከ1948 የመንግሥት ለውጥ ወዲህ አገሩ ሳይመለስ ቀረ። በ1954 በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ።

በኦገስት 20 ሌሊት 1968 በሶቪየት ኅብረት የሚመራው የዋርሶ ቃል ኪዳን ጦር ቼኮዝሎቫኪያን ወረረ። በዚያ ዓመት መባቻ የተጀመረውና «የፕራግ ጸደይ» የተባለው የለውጥ እንቅስቃሴም ተቀጨ። ሁሳ ዜናውን የሰማው በሬዲዮ ነበር። ሁለተኛ ወረራ መሆኑ ነው፤ ይህኛውን ግን ከውቅያኖስ ማዶ ተቀምጦ ከማዳመጥ በቀር ሊያደርግ የሚችለው ነገር አልነበረም። በእጁ የነበረው የሙዚቃ ወረቀት ነውና ለኢታካ ኮሌጅ የተማሪዎች ባንድ «ሙዚቃ ለፕራግ 1968» የተሰኘውን ሥራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጽፎ ጨረሰ።

የሥራው አጥንት በአሥራ አምስተኛው ምዕተ ዓመት የሁስ ተከታዮች ሲዘምቱ ይዘምሩት የነበረው የቆየ መዝሙር ነው። ሰባኪው ያን ሁስ በ1415 በእሳት ከተቃጠለ በኋላ ተከታዮቹ በያን ዢዥካ መሪነት የመስቀል ጦረኞችን ሲመክቱ ይህንኑ ይዘምሩ ነበር፤ በ1431 በዶማዥሊጸ ጠላት ዝማሬውን ከሩቅ ሰምቶ ብቻ ሸሸ ይባላል። ስሜታናም በ«አገሬ» ሥራው ተጠቅሞበታልና የቼክ ሕዝብ በአንድ ሐረግ ብቻ ይለየዋል። ሁሳ ይህን መዝሙር በጩኸት አላስጀመረውም። መጀመሪያ የሚሰማው በቲምፓኒ፣ እጅግ በለሆሳስ ነው። ነጋሪት አዋጅ ማሰሚያ በሆነበት አገር ለሚያደምጥ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ ነጋሪቱ እዚህ በሹክሹክታ ይናገራልና።

ከዚያው ላይ ፒኮሎ ብቻዋን እንደ ወፍ ትዘምራለች። ወፊቱ ፕራግ በሺህ ዓመት ዕድሜዋ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ያየችው ነፃነት ምሳሌ ናት። በሥርዋ ፍሉቶች፣ ክላሪኔቶችና ሆርኖች ሦስት ኅብረ ድምፆችን በቀስታ ይይዛሉ፤ እነዚያው ሦስቱ በሁለተኛው ክፍል ሲመለሱ አዳራሹን የሚያናውጡ ሆነው ነው። ደወሉም ከሥራው አይጠፋም። የመቶ ማማዎች ከተማ የምትባለው ፕራግ በደወልዋ ድልንም መከራንም ስታውጅ ኖራለችና፣ አድማጩ የትኛው እንደሆነ በሰማ ቁጥር መጠየቁ አይቀርም።

ሦስተኛው ክፍል ለምት መሣሪያዎች ብቻ የተጻፈ ነው። በተለመደው የተማሪዎች ባንድ ከኋላ ቆመው ጊዜ ጠባቂ የሚሆኑት ከበሮ መቺዎች እዚህ ወደ ፊት ይወጣሉ። ትንሿ የሠልፍ ከበሮ እየበረታች ሄዳ ሳታርፍ አራተኛውን ክፍል ትከፍታለች። ለልጆች ተብሎ የቀለለ ነገር የለም፤ ሳክስፎኖቹ የሚያሰሙት ሐዘን፣ የመለከቶቹ ሻካራ ኅብር፣ የአሥራ ሁለት ድምፆች ስልት ሁሉ ብስል ሙዚቀኛን የሚያስጨንቅ ነው። ደራሲው ወጣቶቹን ያከበራቸው በዚህ ነው። ስለ ነፃነት ቀላል ማርሽ ጽፎ ቢሰጣቸው በአንድ ሳምንት አጥንተው በሁለተኛው ይረሱት ነበር።

በመጨረሻው ክፍል ተጫዋቾቹ ለጥቂት ጊዜ በየራሳቸው እንዲጫወቱ ይለቀቃሉ፤ ሥርዓት የፈረሰ ይመስላል። ከዚያ ትርምስ መካከል ጓዱ በሙሉ በአንድ ድምፅ የጥንቱን መዝሙር ያነሣል። ይሁን እንጂ መዝሙሩ በዚህ ሥራ ውስጥ አንድም ጊዜ እስከ ፍጻሜው አይሰማም። በ1968 ያልመጣውን ድል በሙዚቃ አምጥቶ ማጨብጨብ ለደራሲው ቀላል ነበር፤ አላደረገውም። የሥራው ታላቅነትም ከሁሉ ይልቅ በዚህ መታቀብ ላይ ነው።

በኬኔት ስናፕ መሪነት የኢታካ ተማሪዎች ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰሙት በጃንዋሪ 31 ቀን 1969 በዋሽንግተን በሙዚቃ መምህራን ጉባኤ ላይ ነበር። የሰሙት መምህራን ናቸውና ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት መዛመቱ አያስገርምም። በዓመቱ ለሙሉ ኦርኬስትራ የተዘጋጀው ቅጂ በሙኒክ ተሰማ። የተጻፈላት ከተማ ግን ሃያ ዓመት ያህል ሳትሰማው ቆየች። በኖቬምበር 1989፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ በናዚዎች የተዘጉበትን ዕለት ሊያስቡ የወጡ ተማሪዎች የጫሩት እንቅስቃሴ የአገሪቱን ሥርዓት ከለወጠ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1990 ሥራው በፕራግ ተሰማ። ኦርኬስትራውን ቆሞ የመራው የ68 ዓመቱ ካሬል ሁሳ ራሱ ነበር።