«አይዞሽ» ነጥብ የማያሰጥበት ፈተና፦ በውጭ አገር የሠለጠኑ ነርሶች ምልመላና የምዝገባ ፈተና ዝግጅት

ታማሚዋ በማግስቱ ቀዶ ሕክምና ይጠብቃታል። ከመሸ ነርሷን ታስጠራና «ከዚያ ክፍል በሕይወት የምወጣ አይመስለኝም» ትላታለች። ለነርሷ አራት መልሶች ቀርበዋል። ጎንደር ወይም ጅማ የሠለጠነች፣ ጥቂት ዓመታት በወርድ ተረኝነት ያሳለፈች ነርስ ዐይኗ ቀድሞ የሚያርፈው «አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም፤ ሐኪሞቹ ጎበዞች ናቸው» በሚለው ላይ ነው። በአሜሪካ የነርሶች ምዝገባ ፈተና፣ በኤንክሌክስ፣ ይህ መልስ ነጥብ አያሰጥም። የሚፈለገው «ይበልጥ ያስፈራሽ ምንድን ነው? እስኪ ንገሪኝ» የሚለው ነው። ጥያቄውን ለማሳያ ያሰናዳሁት እኔ ነኝ፤ ዓይነቱን ግን ለፈተናው የተዘጋጀ ሁሉ ያውቀዋል። በፈተናው ሚዛን «አይዞሽ» መሠረት የሌለው ማጽናኛ ነው፤ ታማሚዋ የጀመረችውን ንግግር ይዘጋል፣ ነርሷም ልትሰማው የሚገባው ምልክት ያመልጣታል።

በእኛ ዘንድ ደግሞ አይዞሽ ያልተባለ ታማሚ የተተወ ታማሚ ነው። ነርሷን ያሳሳታት የትምህርት ጉድለት አይደለም፤ ከእናቷና ከአስተማሪዎቿ የወረሰችው ደግነት ነው። የዚህ መጣጥፍ ክርክር ከዚህ ይነሣል። የምዝገባ ፈተና ነርስ የምታውቀውን ይለካል ይባላል፤ ከዚያ ይልቅ አጥብቆ የሚለካው ግን በታማሚው አልጋ አጠገብ ማን ሆና እንደምትቆም ነው። ዝግጅቱ ይህን የድርሻ ለውጥ ማስተማር ይኖርበታል፤ ወጪውም በተመልማይዋ ጫንቃ ላይ ሊወድቅ አይገባም። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኖቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነርስን ከአገር አገር ማዘዋወር አዲስ ነገር አይደለም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው፣ በ1939 በእንግሊዝ መዝገብ የገቡ ነርስ ነበሩ። ያኔ ጉዞው ተምሮ ወደ አገር ለመመለስ ነበር። ዛሬ አቅጣጫው ተገልብጧል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ባወጣው የነርሲንግ ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ 29.8 ሚሊዮን ያህል ነርሶች አሉ፤ ጉድለቱ 5.8 ሚሊዮን ነው፤ ከ7 ነርሶች አንዷ የምትሠራው ባልተወለደችበት አገር ነው። በባለጸጋ አገሮች ድርሻው 23 በመቶ ይደርሳል።

ድርጅቱ በ2010 ያጸደቀው የምልመላ ሥነ ምግባር ደንብ የጤና ባለሙያ እጥረት የበረታባቸው አገሮች ሄዶ ከመመልመል እንዲታቀቡ አባል አገሮችን ይጠይቃል። በ2023 የታደሰው የጥበቃ ዝርዝር 55 አገሮችን ይዟል፤ ኢትዮጵያም አለችበት። እንግሊዝ ይህን ዝርዝር ተከትላ አሠሪዎቿ በእነዚህ አገሮች ነርስ እንዳያሳድዱ ትከለክላለች። ነርሷ በራሷ ተነሳሽነት ብታመለክት ግን የሚያግዳት የለም።

ደንቡ በመርሕ ደረጃ ተገቢ መሆኑን እቀበላለሁ። ሆኖም በተግባር ያመጣውን አንድ ውጤት ማየት ያስፈልጋል። ሕንድ ወይም ፊሊፒንስ ውስጥ የምትመለመል ነርስ ብዙውን ጊዜ አሠሪዋ የፈተና ክፍያዋን ይሸፍንላታል፤ እንግሊዝ ከገባች በኋላም ሆስፒታሉ በደመወዝ እያቆየ ለአገሪቱ የተግባር ፈተና ያሠለጥናታል። ኢትዮጵያዊቷ ከመመልመል ስለተጠበቀች ከዝግጅቱም ተጠብቃለች፤ የምትወጣው ብቻዋን፣ በራሷና በዘመድ ገንዘብ ነው። ደንቡ ለአገሯ ጋሻ ሲሆን ለእሷ የተረፋት ባዶ እጅ ነው።

ፈተናውን ጠጋ ብለን እንየው። ኤንክሌክስ ከ1994 ጀምሮ በኮምፒውተር የሚሰጥ፣ ከተፈታኙ አቅም ጋር ራሱን የሚያስተካክል ፈተና ነው። በትክክል ስትመልስ የሚከተለው ጥያቄ ይከብዳል፣ ስትስት ይቀላል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም አይቻልም። ኮምፒውተሩ ተፈታኟ ከማለፊያው መስመር በላይ ወይም በታች መሆኗን 95 በመቶ እስኪተማመን ይቀጥላል፤ ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ፣ በ5 ሰዓት ውስጥ። ተፈታኞች 85ኛው ላይ ሲዘጋባቸው የሚደነግጡት በከንቱ ነው፤ መዘጋቱ የሚነግረን ማሽኑ መወሰኑን ብቻ ነው።

ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ደግሞ ፈተናው የሕክምና ማመዛዘንን በግልጽ ይለካል። አንድ ታማሚ በመዝገቡ፣ በላቦራቶሪ ውጤቱና በነርሶች ማስታወሻው ይቀርባል፤ ስድስት ተያያዥ ጥያቄዎች ይከተላሉ፦ የትኛው ምልክት ያሳስባል፣ ምን ያመለክታል፣ ከሁሉ የሚቀድመው ችግር የትኛው ነው፣ ምን ማድረግ ይቻላል፣ አሁን ምን ታደርጊያለሽ፣ ውጤቱስ ምን ይመስላል። ሸምድዶ መግባት እዚህ ላይ ብዙ አያስኬድም። በ2023 በአሜሪካ ከሠለጠኑት ተፈታኞች ከ100ው 88 ያህሉ በመጀመሪያ ሙከራቸው አልፈዋል፤ በውጭ ከሠለጠኑት የሚያልፉት ግን ከግማሽ ብዙም ፈቀቅ አይሉም።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? የተለመደው ምላሽ ቋንቋ ነው። ቋንቋ ድርሻ አለው፤ ግን የእንግሊዝኛ ፈተናውን የአይልትስን መስፈርት አሟልታ የመጣች ነርስም ትወድቃለች። እኔ ምክንያቱን የምፈልገው በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያ ነው።

በገጠር ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ሳል ይዞት የመጣ ሕፃን ሲቀርብላት ሰዓቷን ይዛ ትንፋሹን ትቆጥራለች። ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ መመሪያው የሳንባ ምች ብላ እንድትመድበውና አሞክሲሲሊን እንድትሰጠው ያዝዛታል። ለመመርመርም፣ ለመወሰንም፣ መድኃኒት ለመጻፍም ሥልጣን አላት። ይህችው ነርስ ኤንክሌክስ ላይ ስትቀመጥ መድኃኒቱን ትመርጣለች፤ ፈተናው የሚጠብቅባት ግን ኦክስጅኑን ለክታ፣ ሕፃኑን ቀና አድርጋ፣ ለሐኪሙ እንድታሳውቅ ነው። ብዙ በማወቋ ወደቀች ማለት ይቻላል።

በትልቅ ሆስፒታል የሠራችው ጓደኛዋ ደግሞ በተቃራኒው ትወድቃለች። እዚያ ታማሚውን የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ የሚያገላብጠው አስታማሚ ነው። አስታማሚ የሥርዐታችን ያልተጻፈ ምሰሶ ነው፤ ያለ እሱ ወርዱ አይቆምም። ነርሷ መርፌውንና ድሬሲንጉን ይዛ ትዞራለች። ፈተናው ግን አስታማሚ አያውቅም። የመኝታ ቁስልን መከላከል፣ የመውደቅ አደጋን መገመት፣ ታማሚን በስንት ሰዓት ልዩነት ማገላበጥ የነርሷ ኃላፊነት ነው፤ ለረዳቷ፣ ለነርስ ኤይድ፣ ልታዝዘው ትችላለች፣ ተጠያቂነቱን ግን አትሰጥም። ለማን ምን ሊታዘዝ ይችላል የሚለው በዚህ ፈተና ራሱን የቻለ የጥያቄ ዘርፍ ነው።

ከዚህም የሚከብደው የምሥጢር ነገር ነው። ክፉ የምርመራ ውጤት በእኛ ባህል እንደ መርዶ ነው፤ መጀመሪያ ለቤተሰብ ታላቅ ተነግሮ፣ ጊዜና ቦታ ተመርጦለት ለባለቤቱ ይደርሳል፣ አንዳንዴም አይደርስም። በአሜሪካም በእንግሊዝም ግን ውጤቱ የታማሚው ንብረት ነው። የታማሚዋ ወንድም በስልክ «እንዴት አደረች?» ብሎ ሲጠይቅ ነርሷ ፈቃድ መኖሩን ሳታረጋግጥ መልስ መስጠት አይፈቀድላትም። ይህን መመሪያ በአንድ ዐረፍተ ነገር መሸምደድ ቀላል ነው። የሚያለቅስ ወንድም ፊት ላይ መተግበር ግን ሰውነትን እንደገና ማስለመድ ይጠይቃል።

የእንግሊዙ ፈተና ይህን በአካል ይፈትናል። የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤቱ ከ2014 ጀምሮ በኮምፒውተር ከሚሰጠው ክፍል ሌላ ኦስኪ የተባለ የተግባር ፈተና ያስፈትናል፤ ከ2021 ወዲህ 10 ጣቢያዎች አሉት፣ ክፍያውም 794 ፓውንድ ነው። ነርሷ ወደ አልጋው ስትቀርብ ስሟን ትናገራለች፣ የታማሚውን ማንነት ታረጋግጣለች፣ አለርጂውን ትጠይቃለች፣ ፈቃዱን ታገኛለች፣ የምታደርገውን ሁሉ ድምፅ አውጥታ ታስረዳለች። የእኛ ነርስ ብዙ አልጋ ስላለባት በዝምታና በፍጥነት መሥራትን ሙያ ብላ ይዛለች። እጇ ትክክል ሠርቶ አፏ ዝም ስላለ ብቻ ነጥብ ታጣለች። ይህን የሚያስተካክለው መጽሐፍ የለም፤ ሌላ ሰው ታማሚ ሆኖ ተኝቶላት፣ የምትተወውን ቃል እየቆጠረላት፣ ደጋግማ መሥራት ብቻ ነው።

የምዝገባ ፈተናን ብቻውን የብቃት ዋስትና አድርጎ መውሰድም ስሕተት ነው። በጃንዋሪ 2023 የአሜሪካ ፌዴራል መርማሪዎች በፍሎሪዳ ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርሲንግ ዲፕሎማዎች መሸጣቸውን ይፋ አድርገዋል፤ ከገዢዎቹ 2,400 ያህሉ የምዝገባ ፈተናውን አልፈው ነበር። በልምምድ ጥያቄ ብቻ ያጠና ሰው ሊያልፍ ይችላል፣ ዓመታት ታማሚ ያዳነች ነርስም ልትወድቅ ትችላለች። የዝግጅት ነጋዴዎች የሺህ ጥያቄ ጥራዝ ሲሸጡ ይህን አይናገሩም።

የምልመላ ውል ነገርም መነሣት አለበት። በ2019 በብሩክሊን የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ የፊሊፒንስ ነርሶች ሥራ ከለቀቁ እስከ 25 ሺህ ዶላር እንዲከፍሉ የሚያስገድደውን የውል አንቀጽ የግዳጅ ሥራን የሚከለክለውን ሕግ የሚጥስ ነው ሲል ወስኗል። ለፈተናው የከፈለ አሠሪም ነርሷን እንዲህ ባለ ቅጣት ማሰር አይገባውም። ነርስ የፈለገ ሆስፒታል የዝግጅቱን ዋጋ እንደማንኛውም የሥራ ወጪ ሊቆጥረው ይገባል፤ አገሯ ላሠለጠናት ዓመታት አንድ ሳንቲም እንዳልከፈለ ማስታወስም ተገቢ ነው።

ስለ ምልመላ ሲወራ ፈጽሞ የሚረሱ ደግሞ አሉ፤ በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ አስቀድመው አሜሪካ የገቡት። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ሲያትል ብንሄድ በአገር ቤት «ሲስተር» ስትባል የኖረች ነርስ፣ ዛሬ በአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ኤይድ ሆና ሌሊት ተራ ስትገባ እናገኛታለን። ሆስፒታሎቹ ባሕር ማዶ ነርስ ሲፈልጉ እሷ በራቸው ላይ ናት። ቪዛ አያስፈልጋት፣ የምልመላ ኮሚሽን የለባት፤ የታዘዘውን በየቀኑ ስለምትፈጽም ማዘዝ ምን እንደሆነ ከታች በኩል ታውቀዋለች። የሚያቆማት ጊዜ ነው፤ የሁለት ፈረቃ ሴት በስንተኛው ሰዓት ታጥና? ሁለተኛው ማነቆ ወረቀት ነው።

ወረቀቱን ማቃለል በእኛ እጅ ያለ ጉዳይ በመሆኑ ልቆይበት። የአሜሪካ የክፍለ ግዛት ቦርዶችና ሰነድ መርማሪዎች ነርሷ በአዋቂዎች፣ በእናቶች፣ በሕፃናትና በአእምሮ ሕክምና ነርሲንግ የወሰደችውን ትምህርት፣ ንድፈ ሐሳቡንና ተግባሩን ለይተው ማየት ይፈልጋሉ፤ ሰነዱም በቀጥታ ከትምህርት ቤቱ እንዲመጣ ይጠይቃሉ። ብዙ የቆዩ ትራንስክሪፕቶቻችን የሚያሳዩት የኮርሱን ስምና ውጤቱን ነው፤ በአማኑኤል ሆስፒታል የተሠራ የአእምሮ ሕክምና ልምምድ ስንት ሰዓት እንደነበር የትም አልተጻፈም። ያልተጻፈ ሰዓት እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ኮሌጆቻችን ከድሮ የሥርዐተ ትምህርት ሰነዶቻቸው ሰዓቱን አውጥተው፣ በዓመተ ምሕረት ለይተው አንድ ወጥ ማስረጃ ቢያዘጋጁ፣ ከሬጅስትራሩ መስኮት ፊት ዘመድ ሲያመላልስ የሚከርመው ጉዳይ በሳምንት ያልቅ ነበር።