ነጎድጓዱ ሄደ፣ ንቀቱ ቀረ

ባለፈው ሰሞን ዘመድ ልጠይቅ ወልቂጤ ሄጄ አመሻሽ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ቴሌቪዥን ከቦ ተቀምጦ አገኘሁት። የሚታየው ወደ አማርኛ የተመለሰ የህንድ ተከታታይ ድራማ ነው። አንዲት ሙሽራ በአበባ በተሸፈነ ሐውልት ፊት መብራት ይዛ ስትሰግድ አክስቴ ከንፈሯን መጠጠችና «አይ የሰው ነገር! ይህን ሁሉ ትምህርት ተምረው ለድንጋይ ይሰግዳሉ» አለች። ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡት ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ጎረቤት ሳቅ አሉና «ልጄ፣ የእኔ አያት መብረቅ ሲጮህ ማንን ይለማመን እንደነበር ብነግርሽ ሲኒው ከእጅሽ ይወድቅ ነበር» አሏት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ በውስጤ ሲመላለስ ከረመ። እኛ ሂንዱን ስናይ የምናየው የሩቅ ሰው ነው። የእኛ የራሳችን የትናንት እምነት ግን ከክርስትናውና ከእስልምናው ይልቅ ለሂንዱው ይቀርብ ነበር። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህ መቀራረብ ነው፤ ከዚያም ሁለታችንም ሃይማኖት ቀይረን እንኳ ስላልተላቀቅነው አንድ በሽታ።

*ሂንዱ ከየት መጣ?*

መጀመሪያ ስሙን እንይ። «ሂንዱ» የሃይማኖት ስም ሆኖ አልተወለደም። በሰሜን ምዕራብ ህንድና በዛሬዋ ፓኪስታን የሚፈሰው ታላቅ ወንዝ በሳንስክሪት «ሲንዱ» ይባላል። ፋርሶች «ሂንዱ» አሉት፤ ከወንዙ ማዶ ያለውን ሕዝብም በዚያው ስም ጠሩት። የሃይማኖት መጠሪያ የሆነው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ማለትም ስሙን ያወጣላቸው የውጭ ሰው ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ሂንዱይዝም መሥራች የለውም። ክርስትናን ስንል ክርስቶስን፣ እስልምናን ስንል ነቢዩ ሙሐመድን፣ ቡድሂዝምን ስንል ቡድሃን እንጠራለን። ሂንዱው እንዲህ ያለ አንድ ስም የለውም። በዚያ ወንዝ ሸለቆ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2600 እስከ 1900 ገደማ የሐራፓና የሞሄንጆ ዳሮ ከተሞች ነበሩ። ከዚያ ዘመን በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1500 እስከ 1200 ባለው ጊዜ ገደማ፣ ሪግ ቬዳ የሚባሉት መዝሙሮች ተደረሱ። መዝሙሮቹ ለብዙ ምዕተ ዓመታት ሳይጻፉ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲተላለፉ ኖረዋል። የቆሎ ተማሪ ዜማውን፣ የደረሳ ልጅ ቁርኣኑን በቃሉ እንደሚይዝ ማለት ነው።

በእነዚያ መዝሙሮች ውስጥ በብዛት የሚወደሰው ኢንድራ ነው። ኢንድራ የነጎድጓድና የዝናብ አምላክ፣ ጦረኛ ነው። አግኒ ደግሞ እሳት ነው፤ መሥዋዕቱን ወደ አማልክቱ የሚያደርስ መልእክተኛ። ለእሳቱ የሚፈስለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ንጥር ቅቤ።

ከጊዜ በኋላ ኢንድራ ደበዘዘና ቪሽኑ፣ ሺቫና ታላቂቱ እናት ዴቪ ገነኑ። ኡፓኒሻድ በሚባሉት መጻሕፍት ደግሞ ጥልቅ ፍልስፍና መጣ፦ ከሁሉም አማልክት ጀርባ ብራህማን የሚባል አንድ እውነት አለ፤ ሰው ሞቶ ነፍሱ ደግሞ ትወለዳለች፤ የሚወለድበትን ደረጃ የሚወስነው ሥራው ወይም «ካርማ» ነው፤ የመጨረሻው ግብ ከዚህ ዑደት መውጣት ነው። ስለዚህ «ሂንዱ ብዙ አምላክ ያመልካል» ብሎ መዝጋት ቸኩሎ መፍረድ ነው። ብዙ ሂንዱ «አንድ ነው፣ ስሙ ብዙ ነው» ይላችኋል። ለድንጋይ ትሰግዳላችሁ ሲባልም «ለድንጋዩ አይደለም፣ በእሱ በኩል ለምናስበው ነው» ብሎ ይመልሳል። የኦርቶዶክስ አማኝ በሥዕል ፊት ሲሰግድ «ለቀለሙና ለእንጨቱ አይደለም» እንደሚለው ማለት ነው። ሙስሊሙ ሁለቱንም አይቀበልም። መቀበል አለመቀበል የየእምነታችን ጉዳይ ነው፤ ሰውየው ምን እንደሚል አውቆ አለመቀበል ግን ይሻላል።

*የእኛስ?*

አሁን ወደ ጉራጌ ምድር እንመለስ። ዊሊያም ሻክ የሚባል አሜሪካዊ የአንትሮፖሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በቸሃ ተቀምጦ አጥንቶ፣ በ1966 ስለ ጉራጌና ስለ እንሰት ባህሉ መጽሐፍ አሳትሟል። እሱ የመዘገበውን ብዙዎቻችን ከአያቶቻችን አፍ በቁርጥራጭ ሰምተነዋል።

ሦስት ታላላቅ ስሞች ነበሩ። ዋቅ የሰማይ አምላክ ነው፤ ስሙ ከኦሮሞውና ከሶማሌው ዋቅ ጋር አንድ ነው። ቦዣ የነጎድጓድ አምላክ ነው፤ ሌባንና ቤት አቃጣይን በመብረቅ ይቀጣል ተብሎ ይፈራል። ደሟሟዊት ደግሞ ሴት ናት፤ የሴቶች ጠባቂ፣ የጤናና የሕመም ባለቤት። ለሦስቱም የየራሳቸው አገልጋዮች፣ የየራሳቸው በዓላት ነበሯቸው።

ሰማይ፣ ነጎድጓድ፣ እናት። ሂንዱው ዘንድ ኢንድራና ዴቪ እንዳሉ ልብ በሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በየቻናሉ «እከሌ ከህንድ መጣ፣ እከሌ ከእስራኤል ፈለሰ» የሚል ጽሑፍ ስለበዛ፣ ይህን አንብቦ «ጉራጌ ከህንድ መጣ» የሚል እንዳይኖር። አልተባለም። ግሪኮች ነጎድጓዱን ዜውስ አሉት፣ የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ቶር አሉት። ዝናብ ጠብቆ የሚኖር ገበሬ ሁሉ ሰማዩን ቀና ብሎ ያያል። መመሳሰሉ የዘር ሳይሆን የኑሮ ነው። ሌላው የሚያመሳስላቸው መሥራች የሌላቸው፣ ከቤተሰብና ከጎሣ ጋር የሚወረሱ እምነቶች መሆናቸው ነው። ልዩነታቸውም ትልቅ ነው፤ ሂንዱው በሺህ የሚቆጠር መጽሐፍና ክርክር አከማቸ፣ የእኛው ሳይጻፍ ቀረ፤ የካርማ ትምህርትም በእኛው ዘንድ የለም።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ የመራው ተቃውሞ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ በራስ ጎበና ዳጬ ጦር ከተሸነፈ በኋላ ሰባት ቤት በምኒልክ መንግሥት ሥር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናትም በየቦታው ተተከሉ። በቸሃ የአብሬት ማዕከል የቃዲሪያን መንገድ ይዞ እስልምናን በሰፊው አስተማረ። በእምድብር የካቶሊክ ሚሲዮን ቆመ። በቡታጅራ በኩል ባለው አገር ደግሞ ታሪኩ ሌላ መልክ አለው፤ በክስታኔ የምድረ ከብድ አቦ ገዳም ከዚያ በፊት የነበረ ነው፣ በመስቃንም እስልምና ሥር የሰደደ ነው። ዛሬ የጉራጌ ዞን መቀመጫ በሆነችው ወልቂጤም ሆነ የምሥራቅ ጉራጌ መቀመጫ በሆነችው ቡታጅራ፣ ቦዣን የሚለማመን ሰው ፈልጉ ብትባሉ ትደክማላችሁ። ነጎድጓዱ ሄዷል።

*ያልሄደው*

ሂንዱን ስናነሳ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ነገር የዘር መደብ ነው። በሪግ ቬዳ ውስጥ ባለ አንድ መዝሙር፣ ሰው ሁሉ ከአንድ ታላቅ አካል እንደወጣ ይነገራል፤ ካህናቱ ከአፉ፣ ጦረኞቹ ከክንዱ፣ ነጋዴውና ገበሬው ከጭኑ፣ አገልጋዮቹ ከእግሩ። ከእነዚህ ከአራቱም ውጭ የተጣሉ ነበሩ፦ ቆዳ የሚፍቁ፣ የሞተ ከብት የሚያነሱ፣ ቆሻሻ የሚጠርጉ። ጥላቸው ያረክሳል ተባለ፤ ከጉድጓዱ ውኃ አትቅዱ፣ ከመቅደሱ አትግቡ ተባሉ።

«አረመኔነት ነው» ትላላችሁ። እኔም እላለሁ። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፣ የእኛን ታላቁን ክብ ቤት ማን ያቆመው ነበር? ምሰሶውን ማን ቆርጦ አመጣ? ገበቴውን ማን ጠረበ? ማረሻውን ማን ቀጠቀጠ? ቆዳውን ማን ፋቀ?

ስማቸውን የምጠራው ታሪክ ለመናገር እንጂ ለመስደብ አይደለም። ፉጋ የተባሉት ናቸው። በድሮው ሥርዓት ያለ እነሱ የማይሆን ብዙ ነገር ነበር፤ ልጃገረዶች ወደ ደሟሟዊት ሥርዓት ሲገቡ እንኳ የሚመሩት እነሱ ነበሩ። በዚያው ልክ ግን የእንሰት ማሳ እንዲያርሱ አይፈቀድላቸውም ነበር፤ እግራቸው ከረገጠው መሬቱ ይመክናል ተብሎ። ጋብቻ የለም፣ አብሮ መብላት የለም። ይህ የጉራጌ ብቻ ነውር እንዳይመስላችሁ። በከፋ ማንጃ፣ በጣና ዳር ወይጦ፣ በሰሜኑ «ቡዳ» እየተባለ የሚሸሸው ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ አለ። አገሪቱ ሙሉ የእጅ ባለሙያዋን ዕቃውን ወዳ ሰውየውን ንቃ የኖረች ናት።

በልጅነቴ በሰፈራችን ገበቴና በርጩማ ጠርበው የሚያመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እናቴ ደግ ሴት ናት፤ ሳይበሉ አትሸኛቸውም። ምግቡ ግን በእንሰት ቅጠል ይሰጣቸዋል፤ ቡናው ጆሮው በተሰበረ፣ ለእሳቸው ብቻ በተለየ ሲኒ ይቀርባል፤ የሚቀመጡትም ከደጃፉ ውጭ ነው። እኛ ልጆቹ የምንቀመጠው እሳቸው በጠረቡት በርጩማ ላይ ነበር። እናቴ ደግሞ ጾም የማትገድፍ፣ ሰው ሁሉ የአዳም ልጅ ነው ብላ ያስተማረችኝ ሴት ናት። ሁለቱ ነገር እንዴት እንደማይገጥም አንድም ቀን አልታያትም። እኔም ትልቅ እስክሆን አልታየኝም።

ህንዶችም በዚሁ ጉዳይ ተፈትነዋል። እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥታቸው በአንቀጽ 17 «አይነኬነትን» ሽሯል። የአርቃቂው ኮሚቴ ሰብሳቢ ዶክተር አምበድካር ራሱ ከተጣሉት ወገን የተወለደ ነበር። ሂንዱ ሆኖ ቢወለድም ሂንዱ ሆኖ እንደማይሞት በ1935 ተናግሮ፣ በ1956 በናግፑር ከተማ ከመቶ ሺዎች ተከታዮቹ ጋር ወደ ቡድሂዝም ገባ። ከእሱ በፊትም ከራሱ ከሂንዱው ዓለም የተነሱ ነበሩ፤ ከቆዳ ፋቂ ቤተሰብ የተወለደው ራቪዳስ መዝሙሮቹ ዛሬ በሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛሉ።

ሃይማኖት መቀየሩ ግን ነገሩን አልጨረሰውም። አባቶቻችንን ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሯቸው የህንድ መምህራን ብዙዎቹ ከኬራላ የመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ክርስትናቸውን ከሐዋርያው ቶማስ ጋር የሚያያይዙ፣ ከፊሎቹም ከእኛዋ ኦርቶዶክስ ጋር እህት የሆነች ቤተ ክርስቲያን ልጆች። በዚያች በኬራላ እንኳ ከዝቅተኛው መደብ ክርስቲያን የሆኑት ለብቻቸው የሚያመልኩበት፣ ለብቻቸው የሚቀበሩበት ጊዜ ነበር። መስቀሉ ገባ፣ አጥሩ ግን አልፈረሰም።

የእኛም እንደዚያው ነው። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በገዛ እጁ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 በማኅበራዊ አመጣጥ ሰውን ከሰው ማበላለጥን ከለከለ። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ሰው ሁሉ ከአዳም ነው ይላል። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በፊት ቡታጅራ ውስጥ የማውቃቸው ሁለት ወጣቶች ኒካቸው ሊታሰር ቀን ተቆርጦ ነበር። ሁለቱም ሙስሊም፣ ሁለቱም የተማሩ፣ ልጁ የራሱ ሱቅ ያለው። ሽማግሌ ከተላከ በኋላ አንድ ዘመድ «የልጁ አያት ጠራቢ ነበር» ብሎ ሹክ አለ። ኒካው ቀረ። ልጁ በመጨረሻ የነገረኝ «የተከለከልኩት በአያቴ እጅ ሥራ ነው» ብሎ ነው።

አሁን ከህንዶቹ ጋር እናወዳድር። የጥንቱ ሂንዱ የተናቀውን ሲያይ «በፊተኛው ሕይወቱ በሠራው ኃጢአት ነው» የሚል ምክንያት ነበረው። ምክንያቱ ክፉ ነው፤ ግን ከእምነቱ ጋር ይገጥም ነበር። የጥንቱ ጉራጌም «መሬቴ ይመክናል» ብሎ ይፈራ ነበር። ፍርሃቱ ከንቱ ነው፤ ግን ያምንበት ነበር። እኛስ? ካርማ አናምንም። መሬቱ ይመክናል አንልም። ሁሉ የአዳም ልጅ ነው እንላለን። ታዲያ የልጅቱን ኒካ ያፈረሰው የትኛው እምነት ነው? የትኛውም አይደለም። ጌታው የሞተበት ልማድ ብቻውን ቆሞ ነው። እኛ ሰበብ እንኳ የለንም።

ለአክስቴ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ስነሳ አዛውንቱን ግን ጠየቅኋቸው፦ «አባባ፣ ያኔ ለጠራቢው የተለየ ሲኒ በእርስዎም ቤት ነበር?» ዝም ብለው ቆዩና «ነበር። ማን እንደጣለው አላስታውስም። እኔ ግን አልጣልኩትም» አሉኝ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ በየቤታችን ሽማግሌ ሲላክ «ዘሩ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ብዙ ጊዜ የሚያነሳው የምናከብረው ሰው ነው፤ ስለዚህ ዝም እንላለን። በሚቀጥለው ጊዜ አንዳችን ዝም ባንልስ? በአክብሮት «አባቴ፣ ይህ ጥያቄ በየትኛው መጽሐፋችን ላይ ነው ያለው?» ብለን ብንጠይቅስ? ከዚያ በኋላ በህንዱ ድራማ ላይ ከንፈር ብንመጥም ያምርብናል።

ቸር እንሰንብት።