የጋሪ ፈረስና የደሙ ምስክርነት

የይፋት ቆላ ከጥንት ጀምሮ የመንገድ አገር ነው። ከባሕር ጠረፍ በግመል የመጣው ዕቃ በአልዩ አምባ ገበያ ይራገፍና፣ ግመል ዳገቱን የማይችለው ስለ ሆነ፣ በበቅሎና በአህያ ጀርባ ወደ አንኮበር ይወጣ ነበር። ዛሬ መኪናው በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ከደብረ ሲና እየተጠማዘዘ ወርዶ፣ ከአዲስ አበባ በ225 ኪሎ ሜትር ግድም ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ይህን ማንሣታችን ስለ ንግድ ለመጻፍ አይደለም። የጋማ ከብትን የሚያጠቃ አንድ የፈንገስ በሽታ አለና፣ ሊቃውንቱ ደም መርምረው ለመለየት እንዴት እንደ ደከሙ ለአንባቢያችን ለመግለጽ ነው።

በሽታው ኤፒዞኦቲክ ሊምፋንጃይቲስ ይባላል። ተሐዋሲው ዕቃው በላጠው ቁስል ይገባል፤ ዝንብም ያዛምተዋል። ከዚያም በሊምፍ ቧንቧው መሥመር እንደ መቁጠሪያ የተሰካካ እባጭ ይወጣና ይፈርጣል።

ኢጣልያዊው ሪቮልታ ተሐዋሲውን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ከደቡብ አፍሪቃ ጦርነት የተመለሱ ፈረሶች በሽታውን ወደ እንግሊዝ አገር ባስገቡ ጊዜ፣ መንግሥቱ በ1904 ደንብ አውጥቶ የታመሙትን እያስገደለ በ1906 አጠፋው። ይህ ለባለጸጋ መንግሥት የሚቻል ነው። በእኛ አገር ግን ፈረሱ የጋሪ ነጂው ርስትና ደመወዝ ነው፤ ያለ ካሣ ግደል ቢሉት ወደ ሌላ ገበያ ነድቶ ይሸጠዋል እንጂ አይገድለውም።

ዶክተር ጎበና አመኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት በ28 ከተሞች 19,082 የጋሪ ፈረሶች ታይተው 18.8 በመቶው ታመው ተገኙ። በሽታው የበረታው ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ባሉ ሞቃትና እርጥብ ከተሞች ሲሆን፣ በብርዳማው ደጋ ጥቂት ነው ወይም የለም። ሸዋ ሮቢት ከዚህ ጥቂት ዝቅ ትላለች፤ ነገር ግን ከደብረ ሲና ወደ እርሷ የሚወርደው ቁልቁለት ያንን ከፍታ ሁሉ አቋርጦ ያልፋል።

ዓይን ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም። ግላንደርስ የተባለውና ወደ ሰው የሚተላለፈው በሽታም በመልኩ ይመስለዋል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ወደ ደም ዞሩ። ሰውነት ተሐዋሲውን ለመቋቋም አንቲቦዲ ያዘጋጃልና፣ ይህንን በደም ውኃ ውስጥ መፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የግብጽ ሊቃውንት በዚህ ደክመዋል፤ ኤላይዛ የተባለውም ዘዴ ተሞክሯል። በአገራችን ደግሞ ከተሐዋሲው የተዘጋጀው ሂስቶፋርሲን ቆዳ ውስጥ ተወግቶ እብጠቱ ይለካል፤ ይህ ግን የቆዳ ምርመራ ነው እንጂ የደም አይደለም።

የደሙ ምስክርነት ሁለት ጉድለት አለበት። አንቲቦዲው የሚታየው የበሽታው ምልክት ሲጀምር ወይም ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ነው፤ በተጨማሪም ቀድሞ ታሞ የዳነው ፈረስ ደም ዛሬ እንደ ታመመው ሊመሰክር ይችላል። ይህ ፈንገስ ሰውን ከሚያሳምመው ሂስቶፕላዝማ ካፕሱላቱም ጋር እጅግ የተዛመደ በመሆኑም፣ የራሱ ብቻ የሆነውን ፕሮቲን ለይቶ ማውጣት አድካሚ ነው። በእኛ አስተያየት ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ መሣሪያው የቱንም ያህል ቢያምር የሚመሰክረው ፕሮቲኑ ከተደባለቀ ዋጋ የለውም።

የሚፈለገው ምርመራ የጋሪ ነጂው በገበያ ቀን ፈረሱን አቁሞ የሚያስደርገው፣ ያለ ማቀዝቀዣም የሚቀመጥ ነው። ገና ፍሬው ጥቂት ሳለ የተያዘውን ፈረስ ለብቻው አስሮ በአዮዲን ማከም ይቻላል። እባጩ ሁሉ ከፈረጠ በኋላ የመጣው ግን ብዙ ጊዜ ከከተማው ዳር ይለቀቃል፤ ሌሊትም ጅብ የሚያገኘው እዚያው ነው።